ፈተና የጣለው፣ አተር ያነሣው መነኩሴ

የዘር ነገር አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚያመዛዝነው ጉዳይ ነው። ከምርቱ የቱን ለምግብ፣ የቱን ለገበያ፣ የቱንስ ለዘር እንደሚያስቀር ገና አውድማ ላይ ሳለ ያስባል። የጤፍ ወይም የስንዴ ዘሩን ከራሱ ማሳ መርጦ ቢያስቀምጥ በዓመቱ ያው ዝርያ ተመልሶ ይበቅልለታል። ከድቅል በቆሎ ማሳው ላይ ግን ያማረውን ራስ መርጦ ለዘር ቢያስቀር፣ በቀጣዩ ክረምት አንዱ ረዥም ሌላው ድንክ፣ አንዱ ቀድሞ የሚደርስ ሌላው የሚዘገይ፣ ምርቱም የቀነሰ ማሳ ይገጥመዋል። ዘሩ አልነቀዘም፤ መሬቱም አልከፋም። ነገሩ በዘሩ ውስጥ ካለው የውርስ ሕግ የመጣ ነው።

ይህን ሕግ በማሳ ላይ ሞክሮ፣ በቁጥር አስልቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ግሪጎር ሜንዴል ነው። ዛሬ ስሙ በየትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ይገኛል። በሕይወት ሳለ ግን የሚታወቀው በገዳም ኑሮው፣ በመምህርነቱ፣ በኋላም በአበምኔትነቱ ነበር። ቋሚ መምህር ለመሆን የሚያስፈልገውን የመንግሥት ፈተና ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ሳያልፍ ቀርቷል። ለዚያ ፈተና ሲል የተማረው የእጽዋት ትምህርት ግን የዓለምን የግብርና ምርምር ለወጠ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁዳድ ገበሬ ልጅ

ሜንዴል በ1822 ሐምሌ ወር፣ ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ሂንቺትሰ በተባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። በጥምቀት የወጣለት ስም ዮሐን ነው። አባቱ አንቶን ገበሬ ነበር። የራሱን ማሳ ቢያርስም ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን ለባለ ርስቱ ያለ ክፍያ መሥራት ነበረበት። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሁዳድ ይባል የነበረውን የመሰለ ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ በዚያ አገር የተሻረው በ1848 ነው።

አንቶን ከእህሉ ሌላ ፍራፍሬ ያለማ ነበር። የመንደሩ ቄስም ዛፍ ማዳቀል የሚወዱና ለምዕመናኑ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ዮሐን የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር ማጣበቅን፣ ንብ ማነብንም ከቤቱና ከመንደሩ ተማረ። የጣፈጠ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ የጀመረው በአባቱ ጓሮ ነው።

በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ቤተሰቡ ራቅ ብላ ወደምትገኘው ኦፓቫ ከተማ ላከው። የምግብ ወጪውን ሙሉ በሙሉ መክፈል ስላልቻሉ የሚከፍሉለት ለግማሽ ቀለብ ነበር፤ የቀረውን ከቤት በሚላክ ስንቅ ያሟላል። በ1838 አባቱ በሁዳድ ሥራ ላይ ሳለ የወደቀ ግንድ ደረቱን ደቆሰው። ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው ማረስ አልቻለም። አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ደካማ ተማሪዎችን እያስጠና ራሱን ማስተዳደር ጀመረ። ረኀቡና ሥራው ተደራርበው በተደጋጋሚ ጣሉት፤ ወራት በመኝታ ያለፉበት ጊዜም ነበር።

ከኦፓቫ በኋላ ወደ ኦሎሞውትስ ሄዶ ሊቀጥል ሲል ገንዘብ አጠረው። እርሻው ለታላቅ እህቱ ባል ተላልፎ ነበር። ታናሽ እህቱ ቴሬዝያ ከቤተሰቡ ሀብት ለጋብቻዋ ከተመደበላት ድርሻ ቆርሳ ሰጠችው። ሜንዴል ይህን ውለታ አልረሳም፤ ኋላ አበምኔት ሲሆን ሦስቱን ወንዶች ልጆቿን በገንዘቡ አስተማረ። ሁለቱ ሐኪሞች ሆኑ።

ገዳሙና የመጀመሪያው ፈተና

በ1843 የፊዚክስ መምህሩ ጥቆማ ሰጥቶለት ብሩኖ ከተማ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባ። ግሪጎር የሚለውን ስም ያገኘው በዚያ ነው። ገዳሙ ትልቅ ቤተ መጻሕፍትና የአትክልት ቦታ ነበረው። መነኮሳቱ በየትምህርት ቤቱ ያስተምራሉ፤ እጽዋት የሚመራመሩም ነበሩባቸው። አበምኔቱ ሲሪል ናፕ ለግብርና ቅርብ ሰው ነበር። ብሩኖ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ስለነበረች የበግ አርቢዎች በየጊዜው እየተሰበሰቡ ስለ ዘር ማሻሻል ይከራከሩ ነበር። ናፕ በ1830ዎቹ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ፣ ዋናው ጥያቄ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰው ምንድን ነው፣ የሚወረሰውስ እንዴት ነው የሚለው መሆኑን አስገንዝቧል። ለጥያቄው መልስ የነበረው ሰው ግን አልነበረም።

ሜንዴል ከመንፈሳዊ ትምህርቱ ጎን በ1846 በብሩኖ የግብርና፣ የፍራፍሬና የወይን ልማት ትምህርት ተከታተለ። መምህሩ ፍራንዝ ዲብል ሰብልን በእጅ አዳቅሎ ማሻሻል እንደሚቻል ያስተምር ነበር። በ1847 ቅስና ተቀበለ። ሕሙማንን እየዞረ እንዲያጽናና ሲመደብ ግን የሚያየው ሥቃይ ራሱን አሳመመው። ናፕ ይህን ተመልክቶ በ1849 ዝናይሞ ወደተባለች ከተማ በጊዜያዊ መምህርነት ላከው። እዚያ ተማሪዎቹም ባልደረቦቹም ወደዱት።

በዚያን ሰሞን መንግሥት አዲስ ደንብ አውጥቶ ነበር። ቋሚ መምህር መሆን የሚፈልግ ሁሉ በቪየና የብቃት ማረጋገጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ሜንዴል በ1850 ለፊዚክስና ለተፈጥሮ ሳይንስ ተመዘገበ። ሌሎቹ ተፈታኞች ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሲሆኑ፣ እርሱ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አብዛኛውን ያወቀው ለብቻው መጽሐፍ እያገላበጠ ነው።

በፊዚክስ የሰጠው መልስ አስመሰገነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ግን ተሰናከለ። አጥቢ እንስሳትን በሳይንሳዊ አመዳደብ እንዲዘረዝርና ለሰው ያላቸውን ጥቅም እንዲያስረዳ ሲጠየቅ፣ የሚያውቀውን በመንደር ስም እየጠራ ጻፈ፤ ምድቡም ተዘበራረቀበት። ወደቀ። ከአንድ ዓመት በፊት እንደገና መቅረብ እንደማይችልም ተወሰነበት።

ከፈታኞቹ አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ባውምጋርትነር ግን ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን ሰው አየ። ጉድለቱ የአእምሮ ሳይሆን የሥርዓት ትምህርት ማጣት መሆኑን ተረድቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ እንደሚሻል ለአበምኔቱ አሳወቀ። ናፕም ወጪውን ገዳሙ እንዲሸፍን አድርጎ በ1851 ጥቅምት ወር ወደ ቪየና ላከው።

ሁለት ዓመት በቪየና

ሜንዴል ቪየና ሲገባ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዓላማው ያመለጠውን ፈተና ማለፍ ነው። በአራት የትምህርት ወቅቶች ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ የእንስሳትና የእጽዋት ትምህርት ወሰደ።

የእጽዋት ትምህርቱን ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ተማረ። ኤድዋርድ ፌንዝል የሚያስተምረው የእጽዋትን ወገንና ዝርያ አመዳደብ ነበር። ፍራንዝ ኡንገር ደግሞ የተክሉን የውስጥ አሠራር፣ ሥር ውኃ እንዴት እንደሚስብ፣ ሕዋስ እንዴት እንደሚከፈል፣ ዘር እንዴት እንደሚፀነስ በማጉያ መነጽር እያሳየ ያስተምራል። ኡንገር የእጽዋት ዝርያዎች ከጥንት እንደነበሩ የቆሙ ሳይሆኑ በጊዜ ብዛት የሚለወጡ ናቸው ብሎ በማስተማሩ በጋዜጣ ይወቀስ ነበር። ይህ ትምህርት ለሜንዴል አንድ ጥያቄ ተከለበት። ዝርያ የሚለወጥ ከሆነ ለውጡ የሚተላለፈው በምን ደንብ ነው?

ከእጽዋት ክፍል ውጭ ያገኘው እውቀትም ከዚያ አላነሰም። ክርስቲያን ዶፕለር የፊዚክስ ሙከራ እንዴት እንደሚታቀድ አስተማረው። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ጠብቆ አንዱን ነገር ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱንም መለካት። ከኤቲንግስሃውዘን ደግሞ ነገሮች በስንት መንገድ ሊጣመሩ እንደሚችሉ የሚያሰላውን ሒሳብ ተማረ። በዚያ ዘመን የእጽዋት ሊቃውንት የሚመለከቱትን በዝርዝር ይጽፋሉ እንጂ እምብዛም አይቆጥሩም ነበር። ሜንዴል የኡንገርን ተክል ከዶፕለር ሙከራና ከኤቲንግስሃውዘን ሒሳብ ጋር አጣመረ። ለፈተና ብሎ የሰበሰበው ስንቅ ለሌላ መንገድ ሆነለት።

በ1853 ወደ ብሩኖ ተመለሰ። በተከታዩ ዓመት በከተማዋ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስና የተፈጥሮ ሳይንስ ማስተማር ጀመረ፤ ማዕረጉ አሁንም ጊዜያዊ መምህር ነው። በ1856 ግንቦት ወር ለሁለተኛ ጊዜ ቪየና ሄዶ ለፈተና ተቀመጠ። ጀምሮ ሳይጨርስ ታሞ አቋርጦ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አልሞከረም። አሥራ አራት ዓመት ያስተማረው ያለ ምስክር ወረቀት ነው።

በዚያው በ1856 ዓመት የአተር ማዳቀል ሥራው በገዳሙ አትክልት ቦታ ተጀምሮ ነበር።

ሠላሳ አምስት በሰባት ሜትር

ቦታው ሠላሳ አምስት ሜትር ርዝመትና ሰባት ሜትር ወርድ ያለው መደብ ነው። ከአንድ ጥማድ ብዙ ያነሰ፣ የጓሮ መሬት የሚያህል። ሜንዴል አተርን የመረጠው በምክንያት ነው። አተር በቶሎ ይደርሳል፤ ዓይነቶቹ በግልጽ ይለያያሉ፤ አበባው የተዘጋ ስለሆነ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ የጎረቤት ብናኝም እንደ ልብ አይገባበትም።

ሥራውን የጀመረው በችኮላ አልነበረም። በ1854 ከዘር ነጋዴዎች 34 ዓይነት አተር ገዝቶ ሁለት ዓመት ሙሉ እየዘራ አየ። ዘሩ ንጹሕ ካልሆነ ውጤቱ እንደማይታመን አውቋልና። ከእነዚያ 22ቱን አስቀረ። ከዚያም በግልጽ የሚለዩ ሰባት ባሕርያትን መረጠ። ፍሬው ድብልብል ነው ወይስ የተጨማደደ፣ ቢጫ ነው ወይስ አረንጓዴ፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው ወይስ ነጭ፣ ቆባው ሙሉ ነው ወይስ የተሰረጎደ፣ እሸት ቆባው አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ፣ አበባው በግንዱ ላይ ተሰራጭቶ ይወጣል ወይስ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ፣ ተክሉስ ረዥም ነው ወይስ ድንክ።

ማዳቀሉ የጣት ሥራ ነው። አበባው ሳይፈነዳ እንቡጡን ከፍቶ ወንዴውን ክፍል በወረንጦ ይነቅላል፤ ከሌላው ዓይነት ያመጣውን ብናኝ በሴቴው ላይ ያደርጋል፤ ነፍሳት እንዳያበላሹበት ይሸፍነዋል። የትኛው እናት የትኛው አባት እንደሆነ ይመዘግባል። አገላብጦም ሞከረ፤ ድብልብሉ እናት ቢሆን ወይም አባት ቢሆን ውጤቱ አንድ ሆኖ አገኘው። ስምንት ዓመት ገደማ በፈጀው ሥራ በእጁ ያለፉት ተክሎች 28 ሺህ ያህል ነበሩ።

ቁጥሩ ምን አለ?

ድብልብል ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ድብልብል ሆነ። መጨማደዱ የጠፋ መሰለ። እነዚያን ዘርቶ ራሳቸውን እንዲያዳቅሉ ሲተዋቸው ግን የተጨማደደው ተመልሶ መጣ። ከ7 ሺህ 324 ፍሬዎች 5 ሺህ 474 ድብልብል፣ 1 ሺህ 850 የተጨማደዱ ሆኑ። በቀለምም እንዲሁ፤ ከ8 ሺህ 23 ፍሬዎች 6 ሺህ 22 ቢጫ፣ 2 ሺህ 1 አረንጓዴ ነበሩ። በቁመት ከ1 ሺህ 64 ተክሎች 787 ረዥም፣ 277 ድንክ ሆኑ። ሦስቱም ቦታ ውጤቱ ሦስት ለአንድ ገደማ ነው።

ከዚህ በፊት እጽዋት ያዳቀሉ ብዙዎች ነበሩ። የተደበቀው ባሕርይ ተመልሶ መምጣቱንም አይተዋል። ሜንዴል የተለየው በመቁጠሩና የቁጥሩን ምክንያት በመፈለጉ ነው። ድብልብል የሆኑትን የሁለተኛ ትውልድ ፍሬዎች ዘርቶ 565 ተክሎች አበቀለ። 193ቱ ድብልብል ብቻ ሰጡ፤ 372ቱ ግን ድብልብልና የተጨማደደ ቀላቅለው ሰጡ። በዓይን አንድ የሚመስሉት ፍሬዎች በውስጣቸው አንድ አልነበሩም።

መደምደሚያው ይህ ነው። ተክሉ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ወሳኝ ነገር ይይዛል፤ አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ። ለልጁ የሚያስተላልፈው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ አንዱ ገኖ ይወጣል፣ ሌላው ይደበቃል እንጂ አይጠፋም፤ እንደ ወተትና ቡናም ተቀላቅሎ አይቀርም። ዛሬ እነዚህ ወሳኞች ዘረመል ይባላሉ።

ሜንዴል ሁለት ባሕርያትን በአንድ ጊዜም ተከታተለ። ድብልብልና ቢጫ የሆነውን ከተጨማደደና አረንጓዴ ከሆነው ጋር አዳቀለ። በሁለተኛው ትውልድ ካገኛቸው 556 ፍሬዎች 315 ድብልብል ቢጫ፣ 108 ድብልብል አረንጓዴ፣ 101 የተጨማደደ ቢጫ፣ 32 የተጨማደደ አረንጓዴ ነበሩ። ከወላጆቹ በአንዱም ላይ ያልታየ ጥምረት ወጣ ማለት ነው። የአንዱ ዝርያ መልካም ጎን ከሌላው መልካም ጎን ጋር በአንድ ተክል ሊገናኝ እንደሚችል ያን ጊዜ በቁጥር ተረጋገጠ።

አንድ ስሌት ደግሞ ጨመረ። ራሱን የሚያዳቅል ሰብል ከተዳቀለ በኋላ በየትውልዱ ቅልቅሉ በግማሽ ይቀንሳል። ከአሥር ትውልድ በኋላ ከ2 ሺህ 48 ተክሎች 1 ሺህ 23ቱ በአንዱ፣ 1 ሺህ 23ቱ በሌላው ባሕርይ ጸንተው ሲቆሙ፣ ቅልቅል ሆነው የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

ያልተሰማው ንባብ

በ1865 የካቲት 8 እና መጋቢት 8 ቀን ሜንዴል ሥራውን ለብሩኖ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር አባላት አነበበ። በ1866 በማኅበሩ መጽሔት ታተመ። መጽሔቱ በአውሮፓና ከዚያም ውጭ ወደሚገኙ ከመቶ በላይ ቤተ መጻሕፍትና ተቋማት ተልኳል። ሜንዴል በራሱ በኩል 40 ቅጂ አሳትሞ ለሊቃውንት መላክ ጀመረ። ጉዳዩን የተረዳ አልተገኘም። የእጽዋት ሊቃውንት ሒሳቡ እንግዳ ሆነባቸው።

መልስ ከሰጡት አንዱ በሙኒክ የነበረው ካርል ኔጌሊ ነው። ኔጌሊ ራሱ በሚመራመርበት ሃውክዊድ በተባለ የአበባ ተክል ላይ እንዲሞክር ገፋፋው። ይህ ተክል ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፅንስ ዘር የሚያፈራ ነው፤ ልጁ የእናቱ ግልባጭ ይሆናል። በዚያ ዘመን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሜንዴል ዓይኑ እስኪደክም ቢሠራም የአተሩ ሕግ በዚያ ላይ አልወጣለትም። አተሩንም ቢሆን ነቀዝ ስላጠቃበት ለመተው ተገድዶ ነበር። የአተር ነቀዝ ዛሬም በክልላችን አተር አምራቾች ዘንድ የታወቀ ጠላት ነው።

ናፕ በ1867 ካረፈ በኋላ፣ በ1868 ሜንዴል አበምኔት ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ በኋላ ሰነድና ስብሰባ ጊዜውን ወሰደው። የአየር ሁኔታ ልኬት፣ የንብ ርባታና የፍራፍሬ ዛፍ ግን አልተወም፤ በክፍለ ሀገሩ የግብርና ማኅበርም ንቁ አባል ነበር። በ1874 መንግሥት በገዳማት ላይ የጣለውን ግብር አልከፍልም ብሎ እስከ ሞቱ ተከራከረ። በ1884 ጥር 6 ቀን በኩላሊት ሕመም አረፈ። ብዙ ድኾች ቀብሩ ላይ አለቀሱለት። ከሸኙት መካከል የዘር ሕግ ያገኘ ሰው መቅበሩን ያወቀ አልነበረም። የግል ወረቀቶቹም አብዛኞቹ ተቃጠሉ።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ በሆላንድ ሁጎ ደ ፍሪስ፣ በጀርመን ካርል ኮረንስ፣ በኦስትሪያ ኤሪክ ፎን ቼርማክ በየፊናቸው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው የቀደማቸውን ሲፈልጉ የሜንዴልን ጽሑፍ አገኙ። ቼርማክ በቪየና ሜንዴልን የእጽዋት አመዳደብ ያስተማረው የፌንዝል የልጅ ልጅ ነው።

ከአተሩ መደብ ወደ ጤፍና በቆሎ ማሳ

ጽሑፉ እንደገና ከተገኘ ገና በአምስት ዓመቱ፣ በ1905፣ በእንግሊዝ አገር ሮውላንድ ቢፈን ስንዴ ቢጫ ዋግን የመቋቋም ባሕርይን በሜንዴል ሕግ እንደሚወርስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በሽታን መቋቋም ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው በዕቅድ የሚሸጋገር ነገር ሆነ። ለኢትዮጵያ አርሶ አደር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎዳ። ቢጫ ዋግን ተቋቁሞ ብዙዎች የተኩት ዲጋሉ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ተመታ። ዋጉ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ በአንድ ዘረመል ላይ ብቻ የቆመ መከላከያ አንድ ቀን ይሰበራል። አዳዲስ የስንዴ ዝርያ በየጊዜው እንዲተካ ባለሙያዎች የሚወተውቱት በዚህ ምክንያት ነው።

በጤፍም የአተሩ መደብ ታሪክ ይታያል። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽና በማለዳ ለአጭር ጊዜ የሚከፈት በመሆኑ ለረዥም ዘመን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ዘዴውን አገኙ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከፍተኛ ምርት የሚሰጠው ዲዜድ 01-974 በነጭ ፍሬው ገበያ ከሚወደደው ዲዜድ 01-196 ጋር ተዳቀለ። ከተከታታይ ትውልዶች ውስጥ ምርታማም ነጭም የሆነው ተመርጦ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ በሚል ስም ተለቀቀ። ድብልብል ከአረንጓዴ የተገናኘበት የሜንዴል 108 ፍሬ ዓይነት ጥምረት ነው። ባሕርዩ እስኪጸና ብዙ ትውልድ ማለፍ አለበትና፣ አንድ ዝርያ ከምርምር ጣቢያ ለመውጣት ዓመታት የሚፈጀውም በዚያው ስሌት ነው።

ይኸው ሕግ የዘር ማስቀረቱን ጥያቄ ይመልሳል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና አተር ራሳቸውን የሚያዳቅሉና ባሕርያቸው የጸና ናቸው። በመሆኑም ከሌላ ዝርያ እንዳይቀላቀል ተጠብቆ፣ ባዕዱ ተነቅሎ የተያዘ ዘር በተከታዩ ዓመትም ያንኑ ይሰጣል። ባቄላ ንብ ከማሳ ማሳ ብናኝ ስለምታመላልስበት፣ ዝርያው እንዲጠበቅ ከሌላ ባቄላ ራቅ ብሎ መዘራት ይኖርበታል። እንደ ቢኤች 540 ያለው ድቅል በቆሎ ግን የመጀመሪያ ትውልድ ነው። አንድ ወጥና ጠንካራ የሆነው የተለያዩ ወላጆቹ በእርሱ ላይ ስለተገናኙ ነው። የእርሱ ፍሬ ሲዘራ የተደበቀው ሁሉ ይገለጣል፤ ከሜንዴል መደብ ላይ የተጨማደደው አተር እንደወጣ ድንኩም፣ ደካማውም ይወጣል። በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህን ያወቀ የወረዳ ባለሙያ ዘር በጊዜው አለመድረሱ ለአርሶ አደሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የዘገየ ድቅል ዘር በጎተራ እህል አይተካምና።

ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ አተርም አላት። በወሎና በትግራይ የሚበቅለው፣ በትግራይ ደቆቆ የሚባለው ትንሽ ፍሬ አተር፣ ሳይንሱም የሚጠራው በአቢሲኒያ ስም ነው። ያልተቆጠረና ያልተመዘገበ ባሕርይ በእንዲህ ያለ የአገር ዘር ውስጥ ብዙ አለ። ቆጥሮ ለማወቅ የሚያስፈልገው ሜንዴል በእጁ የነበረው ነው፤ ንጹሕ ዘር፣ የጓሮ ያህል መደብ፣ በየቀኑ የሚሞላ መዝገብ፣ የወጣውን ቁጥር ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ።

በቪየና የተነፈገውን ምስክር ወረቀት ሜንዴል እስከ ሞቱ አላገኘም። ለእርሱ ሲል የተማረውን ግን ወደ አተሩ መደብ ይዞት ወረደ። ዛሬ የስንዴ፣ የጤፍና የበቆሎ ዝርያ የሚያወጣ ተመራማሪ ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው እርሱ ከቆጠረበት ነው።